የዓሣው ቀለም

ሚያዝያ ሲገባደድ፣ በረዶው ተሰብሮ፣
ሐይቁ ሲገላበጥ ከእንቅልፉ ተባሮ፣
መሰላል፣ ሁለት ባልዲ፣ ሦስት ብሩሽ ይዤ
አስፋልቱ ዳር እወጣለሁ፣ በጭቃ ተጉዤ።
ሥራዬ ይኼው ነው፤ አውራጃው ይከፍለኛል፤
ሰባት ሜትር ሙሉ ዓሣ ይጠብቀኛል፤
ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣
ሰባ በጋ ሙሉ ልጅ የጎረሰ፣ አንድም ያልዋጠ።

የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል፤
እድሳቱም እንግዲህ ከዚያው ይጀመራል።
አፉን አጸዳለሁ፦ የደረቀ ማስቲካ፣ የአንድ እግር ካልሲ፣
የመኪና ቁልፍ፣
አንዴም የወተት ጥርስ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣
«ለዓሣው፣ እንዳያንሰው» ተብሎ።

ሰኔ ላይ ይመጣሉ፣ ጣራቸው ላይ ጀልባ ጭነው፣
ከሚኒያፖሊስ፣ ከፋርጎ፣ የትንኙን ነገር ረስተው።
«ምን የሚታይ አለ?» ይሉኛል ከታች፤
እኔም ከመሰላሉ ላይ፦
«የእሳት መጠበቂያው ማማ፣ መቶ አርባ ሁለት ደረጃ፣
ጉልበት ይረግመዋል፣ ዓይን ይመርቀዋል።
ታንኳ ከቬርና ዘንድ፤ ያረፈደ የሚያፈሰው ይደርሰዋል።
ሙዚየሙ ቅዳሜ ነው፣ ባለቁልፏ
ዓሣ ልታጠምድ ካልሄደች።
ዋናም አለ፤ ውሃው እስከ ሐምሌ አጥንት ይሰብራል።»
አንዱን ግን አልነግራቸውም፤
የሰሜኑን ሰርጥ፣ ሉን የምትባለው ወፍ
ጫጩቶቿን በጀርባዋ አዝላ የምትንሳፈፍ።
ስስታም ቢሉኝ ይበሉኝ።
ሐይቅም እንደ ቤት ነው፤ ጓዳ ያስፈልገዋል።

አምና አንዲት ሴት መጣች፣ ሰባን የዘለለች፤
ታንኳ አልጠየቀች፣ ማማውን አላየች።
ከቦርሳዋ አወጣች የጥቁርና ነጭ ፎቶ፤
የኔው ዓሣ ነው፣ አፉ በልጆች ተሞልቶ።
«ይቺ እኔ ነኝ፣ ማርሊስ። ጥርሱን የያዘችው እህቴ አርዲስ።
በዚያ ዓመት ዓሣው ቀለሙ ምን ነበር?
እሷ ቀይ ነው ትላለች፤ እኔ አረንጓዴ።
ስልሳ ዓመት ተከራከርን፤ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በስልክ።
አሁን ከአልጋ አትነሣም።
መሸነፍ አልወድም፤ ግን ልወቀው።»

ቀይ ዓሣ? አልኩ በልቤ።
ያኔ ብሩሹን የሚይዘው አባቴ ሃልቮር ነበር፤
ዕዳውን እንጂ ቀለሙን የማይመዘግብ፣ ዝምተኛ ገበሬ።

ከሆዱ ሥር ተንበረከክሁ፣ ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ፤
ቢላዬን አውጥቼ ፋቅሁ፣ በጥፍር ልክ፣ በቀስታ።
አረንጓዴ፣ የኔ። ከሥሩም አረንጓዴ፣ የኔው።
ከዚያ ቢጫ፣ ምክር ቤቱ አንድ ሰሞን ብልጭ ብሎበት ያዘዘው፤
ከዚያ ሰማያዊ፤ ከዚያ ግራጫ፣ የድርቁ ዘመን፤
ዓመት በዓመት ላይ ተደርቦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፤
እሷም ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣
በከንፈሯ ትቆጥራለች።

ከዚያ ቀይ።

የጎተራ ቀይ። የኛ ጎተራ።
አባቴ ያን ጸደይ ገንዘብ አጥሮት
ከገዛ ባልዲው ቀንሶ ዓሣውን ቀብቶት፣
ለአውራጃውም አልነገረ፣ ለእናቴም።
ጎተራችን በሰሜን ጎኑ ለምን ራቁቱን እንደቀረ
ሰው ሁሉ ስንፍና ሲለው ኖረ፤
እኔም ስለው ነበር።

ስልኳን አወጣች። «አርዲስ፣ አሸነፍሽ» አለች፤ ሌላ አልጨመረች።
ከወዲያ ሳቅ ተሰማኝ፤ ወይም ሳል፤ አልለየሁትም።
ጉልበቷን አራግፋ ተነሣችና
«ታንኳ በሰዓት ስንት ነው?» አለችኝ።
ወደ ቬርና ላክኋት።
የሰሜኑን ሰርጥም ነገርኋት።

ዘንድሮም ቀባሁት፣ ከአናቱ እስከ ጅራቱ፤
ያቺን የጥፍር ታህል ቀይ ብቻ ትቼ በደረቱ።
ትልልቆቹ አያዩዋትም፤ ጎንበስ አይሉም።
ትናንት አንድ ሕፃን ከሥሩ ሾልኮ ወጣና
«ደሙ ነው?» አለኝ።
«አይደለም» አልኩት፣ «ጎተራ ነው።»